የጥቁር ውኃው ድልድይ ዋስ

ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ሰበካችን የሚወርደው መኪና ጥቁር ውኃ ላይ ሲደርስ ፍጥነት እንኳ አይቀንስም። ድልድዩ ሲሚንቶ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ተሳፋሪው ወንዝ መሻገሩን ሳያውቅ ያልፋል። በቀደም አንድ ወጣት መምህር አጠገቤ ተቀምጦ «አባባ፣ ይህን ድልድይ ማን ሠራው?» አለኝ። «መንግሥት» አልኩት። አልዋሸሁም፤ መንግሥት በ1967 ጀምሮ በ1970 ጨርሶታል። ግን ከእሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ድልድይ ነበር። ያን ያሠሩት እትዬ አልታዬ ናቸው፤ አፍርሱ ተብለን ድጅኖ ይዘን በሄድን ቀን ያስቆሙንም እሳቸው ናቸው። ይህን ልነግረው ስጀምር መምህሩ መውረጃው ደርሶ ወረደ። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር መሀል ላይ መተው አልወድም።

እትዬ አልታዬ አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ሰፈሩ «ክፉ ሴት» ይላቸዋል። ክፉ አልነበሩም። በእኛ አገር እምቢ ማለት የምታውቅ ሴት ክፉ ትባላለች፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ባላቸው አቶ በላይ ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ። አንዳቸው እየተናገሩ አንዳቸው እየሠሩ፣ ተስማምተው ኖሩ። ከወለዷቸው ልጆች የቀረችላቸው ፈንታዬ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች።

በ1965 በልጉም መኸሩም ከዳን። ሰው መጀመሪያ ዘሩን በላ፣ ቀጥሎ በሬውን ሸጠ። ሐምሌ ላይ አቶ በላይ የቀረቻቸውን አንዲት ላም ነድተው መካነ ሰላም ወጡና፣ ሸጠው አንድ ስልቻ ገብስ በአህያ ጭነው ተመለሱ። ለእህል ስንለምነው እምቢ ያለው ዝናብ ያን ሰሞን ወንዝ ሊሞላ መጣ። ጥቁር ውኃ ጠባብ ነው፤ ከገደል እስከ ገደል አሥራ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ሲሞላ ግን በሬ ይወስዳል። አቶ በላይ ስልቻቸውን ይዘው ከማዶ ተቀመጡ። እትዬ አልታዬ በዚህ በኩል ቆሙ። ልጅቷ ቤት ተኝታለች። ባልና ሚስት ሁለት ቀን ሙሉ በወንዙ ላይ ተጯጯሁ። እህሉ ይታያል፤ የአህያዋ ጆሮ እንኳ ይታያል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፈንታዬ ሞተች። ወንዙ በማግሥቱ ጎደለና አቶ በላይ ገብሱን ይዘው ተሻገሩ። እሳቸውም አዲስ ዓመት ሳይገባ በተስቦ ሞቱ።

የባላቸው አርባ በወጣ በሳምንቱ እትዬ አልታዬ መጥረቢያ ይዘው ጣሪያቸው ላይ ወጡ።

ቤታቸው ተራ ጎጆ አልነበረም። አማታቸው በዘመናቸው ጭቃ ሹም ነበሩና አዳራሽ አሠርተው ነበር። ጣሪያውን የተሸከሙት ሦስት የጽድ ግንዶች እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ክንድ ይሆናሉ። እትዬ አልታዬ ሣሩን ገፈው፣ ማገሩን አስፈትተው እነዚያን ግንዶች ማውረድ ጀመሩ። የሰበካችን ቄስ አባ ኃይለ ማርያም ወሬውን ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ሰው የቆመ ቤቱን አያፈርስም» አሏቸው። «ኀዘኑ አእምሮሽን እንዳይነካው እፈራለሁ።»

«አባቴ፣ አእምሮዬ ደኅና ነው» አሉ እትዬ አልታዬ ከላይ ሆነው። «ይልቅ ዱአ ያድርጉልኝና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይለምኑልኝ። እህሉ ማዶ እየታየኝ ልጄ ሞተች። ሁለተኛ በዚህ ወንዝ ምክንያት ልጅ አይሞትም፤ ጨረስኩ።»

ሃያ ሰው ወጣን፤ ሃያችንም የራበን። አንዱን ግንድ ወንዝ ለማድረስ ሰባት ጊዜ አረፍን። በሁለቱም ዳር ድንጋይ ካብን፣ ግንዶቹን አጋደምን፣ በላዩ የወይራ እንጨት ረብርበን አፈር ደለደልን። መሐንዲስ ቢያየው ይስቅ ነበር። እትዬ አልታዬ ማድ ቤታቸው ገብተው መኖር ጀመሩ። በሚቀጥለው ክረምት የእርዳታ ስንዴ መካነ ሰላም ሲታደል፣ ከሰበካችን አንድም ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ አልቀረም። ቤቷን አፈረሰች እያሉ ይሳለቁ የነበሩትም ጭምር በዚያው ድልድይ ተሻገሩ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ ሞተዋልና እተወዋለሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ለጥቁር ውኃም መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ ይሠራለታል ተባለ። ደስ አለን፤ ለምን አይለን? ሥራውን የሚመራው አድማሴ የሚባል ፎርማን ከደሴ መጣ። እኔ መልአኩ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ድጓ እማር ነበር። ረኃቡ ሲጠና ትምህርቱን አቋርጬ ለሥራው ተመዘገብኩ፤ ደሞዙ ስንዴ ነበርና።

አድማሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋቱ ችኮላው ነበር። መንገዱ ዳር ሰሌዳ አቁሞ በቀይ ቀለም «ሥራው ሰባ በመቶ ተጠናቅቋል» ብሎ ጻፈበት። ግንቦት ገብቶ የተሠራው ግን በአንድ በኩል የመሠረት ጉድጓድና እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ብቻ ነበር። ሲሚንቶ የሚባል ነገር ዓይናችን አላየም። ሰሌዳውን ባየን ቁጥር «ሰባው የት ገባ?» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ሳቁ ያለቀው አንድ ማክሰኞ ጧት ነው። አድማሴ ሰባታችንን ጠርቶ ጉዱን ነገረን። አዲሱ ግንብ የሚቆመው አሮጌው ድልድይ ያረፈበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አሮጌው ተነሥቷል ብሎ በሚያዝያ ወር ሪፖርት ጽፎ ልኳል። አሁን ተቆጣጣሪ ሐሙስ ከደሴ ይመጣል።

«ስለዚህ ዛሬ ይነሣ» አለን። «ግንዶቹም ለሲሚንቶው ድጋፍ ይሆኑናል። ክረምት ሳይገባ አዲሱ ያልቃል፤ አብሽሩ።»

አላመንኩትም። ግን ድጅኖዬን አንሥቼ ሄድኩ፤ የዚያን ቀን ስንዴዬን አስቤ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማሳመር አይደለም።

ስንደርስ እትዬ አልታዬ ድልድያቸው መሀል ላይ ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ሰው ድጅኖውን ካቡ ላይ ሊሰካ ሲል ጮኹ።

«በንጉሥ አምላክ! እንዳትነኩ!»

የዘመኑ አንባቢ ይህን ላያውቅ ይችላልና ላስረዳ። በእኛ አገር ተበደልኩ የሚል ሰው በንጉሥ አምላክ ወይም በሕግ አምላክ ብሎ ከጮኸ፣ የተጮኸበት ሰው ባለበት ይቆማል። ጠመንጃ አያስፈልግም። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሽ ልብስ ጋር ይቋጥራል፤ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛ ከጠፋ በመንገድ የሚያልፍ ትልቅ ሰው ዳኛ ይሆናል። ነገሩ ሳይሰማ ቋጠሮውን የፈታ ሰው እንደተረታ ይቆጠራል። የበሬ ሌባ በሬውን እየነዳ በዚህ ቃል ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰባታችንም ድጅኖአችንን መሬት አስቀመጥን። እጄ ያስቀመጠው እኔ ሳላዘው ነው። ከዚያ ቃሉ ምን እንደነበረ ገባን፤ ንጉሡ ከወረዱ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር።

መጀመሪያ የደነገጠው አራጌ ነው። አራጌ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ከተመረጠ ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ሥራውን ሊያይ አብሮን መጥቷል። ግንዶቹን ከተሸከምነው ሃያ ሰዎችም አንዱ እሱ ነበር።

«እትዬ! የምን ንጉሥ?» አለ። «ንጉሥኮ የለም! ኧረ በማርያም ይህን ቃል ይመልሱት!»

እትዬ አልታዬ ከልማድ እንዳመለጣቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

«ወርዶ እንደሆነ ይውረድ» አሉ። «እንግዲያው በሕግ አምላክ! ሕግስ አብሮ ወርዷል? ወርዶ እንደሆነ ንገሩኝና ልግባ።»

እትዬ አልታዬ ቀጥ ብለው መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ከአድማሴ ካኪ ኮት ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አድማሴ።

«ከስሼሃለሁ። ዳኛ ፊት ቁም።»

አድማሴ ኮቱን ሊጎትት እጁን አነሣ፤ ዞር ብሎ ሰባታችንን አየን። ከተሜ ይሁን እንጂ አባቱ የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል። እጁን መልሶ አወረደው። እኔ በሆዴ «እሰይ!» አልኩ።

«ዳኛው አንተ ነህ» አሉት እትዬ አልታዬ ለአራጌ። «አዋጁ ለገበሬ ማኅበር ዳኝነት ሰጥቷል ብለህ እሑድ ለት በአፍህ ነግረኸናል። ተቀመጥ።»

አራጌ ወዲያ ወዲህ አየና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አድማሴ አዲሱ ድልድይ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን፣ ሰባ በመቶ ማለቁን፣ ክረምት ሳይገባ መኪና እንደሚያሳልፍ ተናገረ። ደኅና አድርጎ ተናገረ። እትዬ አልታዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ሲሚንቶው የታለ?»

«ይመጣል።»

«ከየት?»

«ከደሴ።»

«ተጭኗል?»

አድማሴ ወደ መንገዱ አየ።

«አዲሱን ድልድይ አልጠላሁም» አሉ። «ሲያልቅ እኔ ራሴ ግንዶቼን አሸክምሃለሁ። አሁን ግን ዋስ ጥራ። ይህን አፍርሰህ ሐምሌ ላይ ሰው በአዲሱ ካልተሻገረ፣ በአካሉ የሚጠየቅ ዋስ ጥራ።»

«ዋሴ መንግሥት ነው።»

«መንግሥት ከሆነ ይምጣና እዚህ አጠገቤ ይቁም። ዋስ ማለት ቤቱ የታወቀ፣ ነገር ሲበላሽ ደጁ ሄደው የሚይዙት ሰው ነው።»

አድማሴ እንደገና ወደ እኛ ዞረ። «መልአኩ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ታውቀኛለህ። ዋስ ሁነኝ።»

ስንዴዬን የሚሰፍርልኝ እሱ ነው። ቤት ውስጥ እናቴና ሁለት እኅቶቼ ያን ስንዴ ይጠብቃሉ። «ጋሼ አድማሴ፣ ሲሚንቶውን ሳላይ አልሆንም» አልኩት። የቀሩትም ስድስቱ ተራ በተራ መሬት መሬት አዩ።

አራጌ ፍርዱን ሰጠ። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ሰጠ፤ ይህን ማንም አይነሣውም። «ግንዶቹ የእትዬ አልታዬ ንብረት ናቸው። ዋስ እስኪጠራ ወይም እሳቸው ወድደው እስኪያስረክቡ ድልድዩ አይነካም።» እኔ በድጓ ተማሪ እጄ በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ አራጌ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። አንዱ ቅጂ ማኅበሩ ዘንድ ቀረ፣ አንዱ ከተማ ተላከ። ቋጠሮውን እትዬ አልታዬ ራሳቸው ፈቱት።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ። ማዶ ያለውን የድንጋይ መፍለጫ ለማየት ፈልጎ በአሮጌው ድልድይ ላይ ተሻገረ፣ አይቶ በእሱው ተመለሰ። ከዚያ «አሮጌው ድልድይ ተነሥቷል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጫማው ላይ የድልድዩ አፈር አለ።

ዓርብ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው እትዬ አልታዬን ወሰዷቸው። ጥፋታቸው የንጉሥ ስም መጥራት ነው ተባለ። ማን እንደነገረባቸው አልጠየቅንም። እትዬ አልታዬ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እኛ ዞሩና «ፍርዱን ሰምታችኋል!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ግንዶቹን አልነካም። አድማሴ ሌላ ሠራተኛ ፈለገ፣ አላገኘም። ሥራው ቆመ፣ ስንዴያችንም አብሮ ቆመ። ለመናገር ያሳፍራል እንጂ አንዳንድ ቀን እትዬ አልታዬን ረገምኳቸው፤ እኅቶቼ ጎመን ቀቅለው ሲበሉ እያየሁ ረገምኳቸው።

መካነ ሰላም ያለው እስር ቤት ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም፤ ዘመድ ያቀርባል። ዘመድ የላቸውምና ሰኞ ሰኞ እኔ ቆሎ ይዤ እሄድ ጀመር። በሁለተኛው ሰኞ አዲስ ነገር ነገሩኝ። የእስር ቤቱ ሰዎች አንድ ወረቀት አምጥተው «ግንዶቼን በፈቃዴ አስረክቤአለሁ፤ ድልድዩም ተነሥቷል» የሚል አነበቡላቸው። ጣታቸውን ካሳረፉ በዚያው ቀን ይፈታሉ። የአራጌ ፍርድ እሳቸው ካላስረከቡ አይነካም ስለሚል፣ ያለ እሳቸው ጣት ፋይሉ አይዘጋም።

ደስ አለኝ። «ያሳርፉላቸው እንጂ!» አልኩ። «ወረቀት ነው፤ ድልድዩ እንደሆነ ቆሟል፣ የሚነካው የለም። ያሳርፉና ይውጡ።»

እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። «አንተ መጽሐፍ የተማርክ ነህ?» አሉኝ። «የእርዳታ እህል የሚሰፍረው ሰው ወንዙን አይቶ ነው የሚሰፍረው ወረቀት አይቶ? ድልድይ የለም ከተባለ ክረምቱን ከጥቁር ውኃ ወዲያ ያለ ሰው መምጣት አይችልም ተብሎ ስሙ ይሰረዛል። ድርሻው ለሌላ ይሰጣል። እናንተ ተሻግራችሁ ስትመጡ 'ለእናንተ የመጣ የለም' ትባላላችሁ። እኔ በጣቴ ሰው አልገድልም።»

በሳምንቱ እህል መጋዘኑ ሄጄ ጸሐፊውን ጠየቅሁት። የሰበካችንን ስም ዝርዝር አወጣ፤ ዳር ላይ በእርሳስ «የድልድዩ ርክክብ ሲደርስ ይሰረዝ» ተብሎ ተጽፎበታል። ርክክቡ አልደረሰውም። የጎደለው አንዲት የጣት አሻራ ነበረች።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ውኃ ሞላ። አዲሱ ግንብ እዚያው እንደነበረ ነው፤ ጎርፉ የመሠረት ጉድጓዱን በደለል ሞላው። ሰሌዳውን አድማሴ ቀይሮት ሰማንያ በመቶ ደርሷል። እህል ይታደላል በተባለ ዕለት ጧት ሰበካው በሙሉ ወጣ፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ በጀርባ የታዘለው። ከሥራችን ውኃው ይጮኻል፣ ግንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አባ ኃይለ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው አንድ በአንድ አሳለፉን። ጸሐፊው ስማችንን ሲጠራ አንድም የተሰረዘ አልነበረም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነፍስ ስንዴውን ተሸክሞ በዚያው ድልድይ ተመለሰ።

እኔ የቤቴን ስንዴ ለእኅቶቼ አስይዤ፣ ሁሉም ሲሻገር አይቼ፣ ቆሎዬን ይዤ ወደ እስር ቤት ተመለስኩ። እትዬ አልታዬ ከስተዋል፣ ያስላቸዋል፣ እግራቸው አብጧል። በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከማዶ የቀረ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ልጆቹስ?»

«ሁሉም ተሻግረዋል፣ ሁሉም ተመልሰዋል።»

አጥሩን ይዘው ቁጭ አሉ፤ ከታሰሩ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ? ጥቂት ቆይቼ ግን ሳላቸው አስፈራኝና እንደገና ጀመርኩ። «እትዬ፣ እንግዲህ የዚህን ዙር እህል ወስደናል። አሁን እንኳ ቢያሳርፉላቸውና ቢወጡ…»

«የነሐሴውስ?» አሉኝ።

ዘበኛው ከውስጥ ተጣራ። «አልታዬ! ለጣት ይፈለጋሉ!» ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ወረቀቱን በየሰኞው ያቀርቡላቸዋል።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ አጥሩን ተደግፈው ተነሡ፣ የቀሚሳቸውን አቧራ አራገፉ። «እምቢ ብያቸው መጣሁ» አሉኝ። «ቆሎውን ይዘህ ጠብቀኝ።»

ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።